እንግሊዝኛን በቤት ውስጥ አስተካክሎ ስለ መማር

ቋንቋ የሰው ልጅ ሐሳቡን ለወንድሙ የሚያደርስበት መንገድ ነው። የአገሩን ቋንቋ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው በአገሩ ያለ አስተርጓሚ ይኖራል፤ በዚያ ላይ የሌላውን ሕዝብ ቋንቋ የጨመረ እንደ ሆነ ለቤቱ ሁለተኛ በር እንዳወጣ ሰው ይቈጠራል። ይህ ሁለተኛ በር ዛሬ በትምህርት ቤት ላሉት ልጆቻችን በይበልጥ እንግሊዝኛ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ በደሴና በኮምቦልቻ ያሉ ወላጆችና ተማሪዎች ይህን ቋንቋ በቤታቸው እንደ ምን አድርገው ሊያሻሽሉት እንደሚችሉ፥ አጠራሩን፥ ሰዋስዉንና የዕለት አነጋገሩን በየተራ እያነሣን ጥቂት ምክር ልናቀርብ ወደድን።

ነገሩ የጌጥና የመታያ ጉዳይ አይደለም። በ1986 ዓ. ም. ወጥቶ በነበረው የትምህርትና የሥልጠና ፖሊሲ በተደነገገው ሥርዓት ልጆች በመጀመሪያው ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማራሉ፤ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ያጠኑታል፤ ሁለተኛ ደረጃ በደረሱ ጊዜ ግን ሒሳቡም ታሪኩም ሥነ ሕይወቱም በእንግሊዝኛ ይሰጣቸዋል። ትናንት ስለ ቅጠልና ስለ ሥር በአማርኛ የተማረው ልጅ፥ በዘጠነኛ ክፍል ያንኑ ቅጠልና ያንኑ ሥር በባዕድ ስም ያገኘዋል። ዕውቀቱ ሳይጐድል ቋንቋው ስለ ጐደለው ብቻ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ተማሪ ብዙ ነው።

የዚህም ፍሬ በፈተና ጊዜ ይታያል። በ2014 ዓ. ም. የትምህርት ዘመን የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከግማሽ በላይ ውጤት ያገኙት ከመቶው 3.3 ያህል ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ. ም. ቍጥሩ ከፍ ቢል 5.4 ሆነ። የዚህ ውድቀት ምክንያት ብዙ ነው፤ ሁሉንም በቋንቋ ላይ መጫን ከእውነት መራቅ ይሆናል። በእኛ አገር በወሎ ደግሞ በ2014 ዓ. ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በደረሰባቸው ጊዜ የብዙ ልጆች ትምህርት ተቋርጦ እንደ ነበረ የሚዘነጋ አይደለም። ነገር ግን የጥያቄውን ቃል ያልተረዳ ተማሪ መልሱን በልቡ ይዞ እንደሚሳሳት ግልጥ ነው፤ ይህንንም ጕድለት መንግሥትና መምህር ብቻ ሳይሆኑ ቤተ ሰብም ሊያቃልለው ይችላል።

በወሎ የቈየው የቋንቋ ትምህርት

ወሎ የእናቱ ያልሆነውን ቋንቋ መማር ዛሬ የጀመረ አገር አይደለም። የዋድላ የቅኔ ትምህርት በመላው ኢትዮጵያ ስሙ የታወቀ ነው፤ ወደዚያ የሚጐርፉት የቆሎ ተማሪዎች ግእዝን ከእናታቸው አፍ ያልሰሙ ሲሆኑ፥ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በግእዝ ቅኔ የሚዘርፉ ይሆኑ ነበር። እንዲሁም በዳናና በቃሉ አገር በምትገኘው በጌታ የነበሩ የእስልምና ሊቃውንት የዐረብኛን ሰዋስው፥ ማለት ነሕውንና ሰርፍን፥ ለደረሶቻቸው እያስተማሩ ብዙ ዐዋቂዎች አውጥተዋል።

ወደ አዲሱ ትምህርት ስንመጣ፥ ከጠላት ወረራ በፊት በአገራችን ትምህርት ቤቶች ይበልጥ ይሰጥ የነበረው የባዕድ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር፤ ከ1933 ዓ. ም. ነጻነት በኋላ ግን እንግሊዝኛ ስፍራውን ያዘ። በደሴም በእቴጌ መነን እናት ስም የተሰየመው የወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ለብዙ ትውልድ የዚህ ቋንቋ መግቢያ ሆነ። በ1955 ዓ. ም. ደግሞ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ደሴን በመሰሉ ከተሞች ባሉ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተማሩ። በደሴ የተወለዱት የቋንቋ ሊቅ አምሳሉ አክሊሉም የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ከእንግሊዛዊው ከሞስባክ ጋር አዘጋጅተው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1973 አሳተሙ፤ የደሴ ልጅ ይህን መጽሐፍ ሲገልጥ የአገሩን ልጅ ድካም እንደሚገልጥ ይወቅ።

እንግዲህ የጥንቶቹ ተማሪዎች መጽሐፍ እንደ ልብ በሌለበት፥ ማታም በጭላጭል መብራት እንዴት ቻሉት? ሥራቸውን የመረመረ ሰው አራት ነገር ያገኛል። አንደኛ፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይማሩ ነበር እንጂ በአንድ ሳምንት ሁሉን አይጐርሱም ነበር፤ የቅኔ ተማሪ የሚጀምረው ሁለት ቤት ባለው በጉባኤ ቃና ነው እንጂ በመወድስ አይደለም። ሁለተኛ፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡ ነበር። ሦስተኛ፤ የተማሩትን ይዘው ራሳቸው አዲስ ነገር ይሠሩ ነበር፤ የቅኔ ተማሪ ቀን ሲቈጥር ውሎ ማታ ለመምህሩ ይነግራል። አራተኛ፤ ይታረሙ ነበር፤ መታረምንም እንደ ነውር አይቈጥሩትም። ከዚህ በታች የምንሰጠው ምክር ሁሉ በእነዚህ በአራቱ ላይ የቆመ ነው።

ስለ አጠራር

የግእዝን ንባብ የተማሩ አባቶች ቃሉን ተነሽ፥ ወዳቂ፥ ሰያፍ፥ ተጣይ እያሉ ለይተው ያነቡታል። ድምፁ የሚነሣበት ስፍራ የተለወጠ እንደ ሆነ ንባቡ ይበላሻል። በእንግሊዝኛም እንዲሁ ነው። «ፎቶግራፍ» በሚለው ቃል ድምፁ በመጀመሪያው ክፍል በ«ፎ» ላይ ይነሣል፤ «ፎቶግራፈር»፥ ማለት ፎቶግራፍ አንሺ፥ ሲባል ግን «ፎ» ወድቆ «ቶ» ይነሣል። «ሬኮርድ» ፊተኛው ክፍል ሲነሣ መዝገብ ማለት ነው፤ ኋለኛው ሲነሣ መመዝገብ ማለት ይሆናል። አማርኛ የቃሉን ክፍሎች በተመጣጠነ ድምፅ ስለሚያወጣ፥ የእኛ ተማሪ እንግሊዝኛውንም በእኩልነት ያስኬደዋል፤ ሰሚውም ቃሉን ለመለየት ይቸገራል። ስለዚህ አዲስ ቃል በደብተር ሲጻፍ ትርጓሜው ብቻ ሳይሆን ድምፁ የሚነሣበት ክፍል ከሥሩ ይሰመርበት።

ሁለተኛው ነገር ማጥበቅ ነው። በአማርኛ ማጥበቅና ማላላት ትርጓሜን ይለያል፤ «አለ» ሲላላ ተናገረ፥ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። እንግሊዝኛ ግን በአንድ ቃል ውስጥ ድምፅን እንዲህ አያጠብቅም። «ሃፒ»፥ «ሌተር»፥ «ሰመር» በሚባሉት ቃሎች ጽሕፈቱ ፊደሉን ሁለት ጊዜ ቢደግመውም ንባቡ የላላ ነው፤ የፊደሉ መደገም ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው ከእርሱ በፊት ያለው አናባቢ አጭር መሆኑን ነው። ይህን የዘነጋ ተማሪ ፊደሉን አይቶ ያጠብቃል።

ሦስተኛው የአናባቢ ማጠርና መርዘም ነው። አማርኛ በዚህ ትርጓሜ ስለማይለይ ጆሯችን አልለመደውም። «ሽፕ» ባጭሩ ሲነገር መርከብ ነው፤ «ሺፕ» አናባቢው ሲረዝም በግ ነው። ይህን ልዩነት የማይጠብቅ ሰው ባሕር በሌለበት በደሴ ገበያ መርከብ ገዛሁ ብሎ ይናገራል ማለት ነው። እንዲህ ያሉትን ቃሎች ጥንድ ጥንድ አድርጎ ጽፎ፥ አንዱ ሲያነብ ሌላው የትኛው እንደ ሆነ እንዲያውቅ መጫወት ለወንድማማቾች መልካም የማታ ጨዋታ ነው።

አራተኛ፤ ሁለት ወይም ሦስት ተናባቢ ድምፆች ተከታትለው ሲመጡ ምላሳችን በመካከላቸው ወይም በፊታቸው «እ»ን ይጨምራል፤ «ስኩል» የሚለውን «እስኩል» የምንለው ስለዚህ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ «ስስስ» ብሎ ድምፁን በማስረዘም ጀምሮ ሳያቋርጡ ወደሚቀጥለው ፊደል መሻገር ነው።

አምስተኛ፤ ምላስ በላይኛውና በታችኛው ጥርስ መካከል ወጣ ብሎ የሚነገር ድምፅ አለ። «ማሰብ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በዚህ ድምፅ ይጀምራል፤ በተራው «ስ» ከተነገረ ግን «መስጠም» ወደሚለው ይለወጣል። እዚህ ላይ ለወሎ ልጆች አንድ የምሥራች አለን። ቁርኣንን በተጅዊድ ሥርዓት መቅራት የተማረ ልጅ ሣእና ዛል የሚባሉትን የዐረብኛ ፊደሎች በዚሁ ዓይነት ከጥርስ መካከል ማውጣትን ለምዷል፤ ድምፁ አንድ ነውና ያንኑ ወደ እንግሊዝኛው ያምጣው። ጎረቤቱ የሆነው ክርስቲያን ልጅም ከእርሱ ሊማረው ይችላል፤ በወሎ ጎረቤት ከጎረቤት መማር አዲስ ነገር አይደለምና።

ስድስተኛ፤ ያለፈ ጊዜን የሚያሳየው የግስ መጨረሻ በጽሕፈት አንድ ሆኖ ሳለ በንባብ ሦስት ነው። «ዎክት» ሲባል በ«ት» ይጨርሳል፤ «ፕሌይድ» ሲባል በ«ድ»፤ «ዋንቲድ» ሲባል ደግሞ በ«ኢድ»። ይህ የሚወሰነው ከፊቱ ባለው ድምፅ ነው፤ «ኢድ» የሚባለው ግሱ በ«ት» ወይም በ«ድ» ሲጨርስ ብቻ ነው።

በዚህ ሁሉ ግን አንድ ነገር እንዲታወቅ እንፈልጋለን። የትምህርቱ ግብ የሎንዶንን ሰው መምሰል አይደለም፤ ንግግሩ ለሰሚው ግልጥ ይሁን ማለት ነው እንጂ። በሐምሌ 2009 ዓ. ም. በተመረቀው በኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርክ፥ ወይም ወደ ላሊበላ በሚያልፍ እንግዳ ፊት፥ እንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የሁለቱም ወገን እናት ቋንቋ ሳይሆን ነው። ቀስ ብሎ፥ የቃሉን መጨረሻ ሳይውጥ የሚናገር ኢትዮጵያዊ ከማንም አያንስም።

ስለ ሰዋስው

የእንግሊዝኛ ሰዋስው ለአማርኛ ተናጋሪ የሚከብደው በብዛቱ አይደለም፤ ቤቱ የተሠራበት ሥርዓት ከእኛ ስለሚለይ ነው። እኛ «ልጁ ወተት ጠጣ» ብለን ግሱን በመጨረሻ እናስቀምጣለን፤ እንግሊዝኛው «ዘ ቦይ ድራንክ ሚልክ» ብሎ ግሱን በመካከል ያኖረዋል። እንግዲህ ተማሪው በአማርኛ አስቦ ቃል በቃል የሚገለብጥ እንደ ሆነ ጣሪያውን በመሠረቱ ስፍራ ያኖረዋል።

የእኛ ግስ ባለቤቱን በራሱ ውስጥ ይሸከማል፤ «መጣች» ብንል ሴት መሆኗ ታውቋል። የእንግሊዝኛው ግስ ግን ይህን ሸክም አይችልም፤ ስለዚህ «ሺ» ወይም «ሂ» በፊቱ መቆም አለበት። «ይዘንባል» ለማለት እንኳ ማንንም የማያመለክት «ኢት» የሚባል ቃል በባለቤት ስፍራ ይቆማል፤ «ኢት ኢዝ ሬይኒንግ» ይባላል። ብዙ ተማሪ ይህን ባለቤት ይጥለዋል። በጽሑፉ ውስጥ ያለውን ግስ ሁሉ እየቈጠረ፥ «ባለቤትህ ማን ነው?» ብሎ አንድ በአንድ ቢጠይቅ ጕድለቱን ራሱ ያገኘዋል።

«ቤት» እና «ቤቱ» በእኛ ዘንድ በመጨረሻው ፊደል ይለያሉ። እንግሊዝኛ ይህን ልዩነት ከፊት በሚቀመጥ ቃል ያሳያል፤ የታወቀውን «ዘ» ያልታወቀውን አንዱን «ኤ» ይለዋል። ስለዚህ ተማሪ በተጠራጠረ ጊዜ ስሙን በአማርኛ ይበለው፤ በአማርኛ «ሰውዬው» ካለ በእንግሊዝኛው «ዘ» ሊያስፈልግ ይችላል፤ «አንድ ሰው» ካለ ግን «ኤ» ነው። ይህ መለኪያ በሁሉ ስፍራ ባይሠራም ጀማሪውን ከብዙ ስሕተት ያድነዋል።

አማርኛ ደግሞ ተማሪውን የሚያግዝበት ስፍራ አለ። «ቁልፌ ጠፋ» እና «ቁልፌ ጠፍቷል» የሚሉት አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው የጥፋቱን ውጤት እስከ አሁን ያመጣዋል። እንግሊዝኛም «ሃቭ» በሚባል ረዳት ግስ ይህንኑ ያደርጋል። «ሂ ሃዝ ካም» ማለት «መጥቷል» ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ እኛ «ትናንት መጥቷል» ልንል እንችላለን፤ እንግሊዝኛው ግን ያለቀ ጊዜ፥ እንደ ትናንት እንደ አምና ያለ፥ የተጠቀሰ እንደ ሆነ ይህን ረዳት አይቀበልም፤ «ሂ ኬም የስተርደይ» ብቻ ነው የሚባለው።

ከዚህ የምንረዳው አማርኛን በሚገባ የሚያውቅ ልጅ ለእንግሊዝኛውም መሠረት እንዳለው ነው። በአማርኛ ባለቤትን፥ ግስንና ተሳቢን ያልለየ ተማሪ በባዕድ ቋንቋ ሊለየው አይችልም። ስለዚህ እንግሊዝኛ ይልመድልኝ ብሎ የልጁን አማርኛ ቸል የሚል ወላጅ መሠረቱን ንዶ ግድግዳ ይሠራል።

ስለ ዕለት አነጋገር

ሰዋስው ትክክል ሆኖ ሳለ አነጋገሩ ለባዕዱ ጆሮ እንግዳ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ይህም ሐሳቡን ሳይሆን ቃሉን ስለምንተረጕም ነው። እኛ ከቤት ስንወጣ ቶሎ እንደምንመለስ ለመግለጥ «መጣሁ» እንላለን፤ ይህን «አይ ኬም» ብሎ የተረጐመ ሰው ሊሄድ ሲነሣ ደረስሁ ማለቱ ነው። በእንግሊዝኛ «እመለሳለሁ» ተብሎ በሚመጣው ጊዜ ሊነገር ይገባል። እንግዳን «ተጫወት» ስንለው ወግ እናውጋ ማለታችን ነው፤ «ፕሌይ» ብለን ብንነግረው ግን ኳስ ወይም ዘፈን ይጠብቃል። «ቴሌቪዥኑን ክፈተው» የምንለውን «ኦፕን» ብለን ብንተረጕመው እንግሊዛዊው መፍቻ ይዞ ይመጣል፤ በእርሱ ቋንቋ ቴሌቪዥን የሚከፈተው በ«ተርን ኦን» ነው።

በተለይ ለኮምቦልቻ ሰዎች የምንነግራቸው አንድ ቃል አለ። «ፋብሪካ» የሚለው ቃል ወደ አማርኛ የገባው ከኢጣልያንኛ ነው። ብዙ ሰው መጨረሻውን ቈርጦ «ፋብሪክ» ቢለው እንግሊዝኛ የሆነለት ይመስለዋል፤ ነገር ግን «ፋብሪክ» በእንግሊዝኛ ጨርቅ ማለት ነው፤ ፋብሪካው «ፋክተሪ» ይባላል። የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እንግዲህ «ፋብሪክ» የሚሠራ «ፋክተሪ» ነው። ሥራ ፈላጊ በማመልከቻው ላይ ይህን ቢያስተካክል ይጠቀማል።

ለአሉታ ጥያቄ የሚሰጠውም መልስ ከእኛ ይለያል። «አልበላህም ወይ?» ቢባል ያልበላ ሰው በአማርኛ «አዎን፥ አልበላሁም» ይላል። በእንግሊዝኛ ግን «ኖ» ማለት አለበት፤ «የስ» ያለ እንደ ሆነ በልቻለሁ ማለት ይሆናልና እራቱ ያልፈዋል። ደግሞም እኛ «አዎን፥ እየሰማሁ ነው» ለማለት ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን፤ ይህን የማያውቅ እንግዳ ሰውየው ምን አስደነገጠው ብሎ ያስባል። በሥራ ጥሪ ወይም በስልክ ጊዜ በቃል መመለስ ይሻላል።

ስለ አክብሮትም ልንናገር ይገባል። አማርኛ «አንተ»፥ «አንቺ»፥ «እርስዎ» ብሎ የሰውን ክብር ይለያል፤ በእንግሊዝኛ ግን ሹሙም ልጁም «ዩ» ነው። ስለዚህ አክብሮቱ በሌላ መንገድ ይገለጣል፤ ትእዛዝን ወደ ጥያቄ በመለወጥ፥ «ኩድ ዩ» ብሎ በመጀመር፥ «ፕሊዝ» ብሎ በመጨመር ነው። ጨዋ የሆነ የወሎ ልጅ «ጊቭ ሚ» ብሎ ቢጠይቅ፥ በልቡ አክብሮት ሳለ በአፉ ባለጌ ይመስላል፤ ይህም የሚያሳዝን ነው።

በቤት ውስጥ ስለሚደረገው ትምህርት

እስከ አሁን የተናገርነው ሁሉ ጊዜ የሚጠይቅ ነው። ይህንንም ጊዜ ሊሰጥ የሚችለው ቤተ ሰብ ነው። ብዙ ወላጅ፥ «እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም፤ ልጄን በምን ልረዳው?» ይላል። እኛ ግን ቋንቋውን የማያውቅ ወላጅ ታላቅ እርዳታ ሊያደርግ እንደሚችል እናምናለን።

በወሎ ቤት ቡና ሲፈላ አቦል፥ ቶና፥ በረካ እስኪባል ድረስ ጊዜው ረጅም ነው። በዚህ ጊዜ ልጁ በዚያ ቀን የተማረውን አንድ አንቀጽ ድምፁን ከፍ አድርጎ በእንግሊዝኛ ያንብብ፤ ቀጥሎም ለእናቱ በአማርኛ ያስረዳት። እናትየው ነገሩ ካልገባት ትጠይቀው። በአማርኛ ሊያስረዳ ያልቻለውን በእንግሊዝኛም እንዳልተረዳው ይወቅ፤ ያንን ስፍራ ምልክት አድርጎ በማግሥቱ መምህሩን ይጠይቅ። እንዲህ ሲሆን ፊደል ያልቈጠረች እናት እንኳ የልጇ ፈታኝ ትሆናለች።

ቀጥሎ ልጁ ሁለት ደብተር ይኑረው። በአንደኛው በየቀኑ 5 አዲስ ቃሎች፥ እያንዳንዱን ራሱ በሠራው ሙሉ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አግብቶ ይጻፍ። ብቻውን የተጻፈ ቃል ይረሳል፤ ስለ ቤቱ፥ ስለ ጦሳ ተራራ፥ ስለ ገበያው በተሠራ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ያለ ቃል ግን ይኖራል። በዓመት 300 ቀን ብቻ ቢሠራ 1,500 ቃል ይሆናል፤ በየሳምንቱ ያለፈውን መልሶ ያነበበ እንደ ሆነ አብዛኛውን ይይዘዋል። በሁለተኛው ደብተር የታረመለትን ስሕተት ይጻፍ፤ በግራ የተሳሳተውን፥ በቀኝ የተስተካከለውን። ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ የሰው ስሕተት ብዙ ሳይሆን፥ ጥቂቱ እየተመላለሰ የሚመጣ መሆኑን በዐይኑ ያያል።

የእጅ ስልክም ለዚህ ሥራ ሊውል ይችላል። ልጁ ንባቡን በስልክ ቀርጾ መልሶ ያድምጥ፤ በመናገር ላይ ሳለ ያልሰማውን ጕድለት በማድመጥ ጊዜ ይሰማዋል። የእንግሊዝ አገር የራዲዮ ድርጅት ቢቢሲ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1943 ጀምሮ እንግሊዝኛን ለባዕድ አገር ሰዎች ሲያስተምር የኖረ ነው፤ ትምህርቱም ዛሬ በኢንተርኔት ያለ ዋጋ ይገኛል። ዐሥር ደቂቃ አድምጦ ዐሥር ደቂቃ ያንኑ እየደገሙ መናገር፥ ሁለት ሰዓት ዝም ብሎ ከማየት ይበልጣል። በሦስት ወር አንደበተ ርቱዕ እናደርጋለን እያሉ ገንዘብ የሚሰበስቡትን ግን ወላጆች በጥንቃቄ እንዲያዩ እንመክራለን፤ ቋንቋ በወራት የሚጨረስ ሸቀጥ አይደለም።

ሁለት ነገር አጥብቀን ልንናገር እንወዳለን። የመጀመሪያው ስለ ልጃገረዶች ነው። ወንድምና እኅት ከአንድ ትምህርት ቤት፥ ከአንድ ክፍል ተመልሰው፥ እርሱ ደብተሩን ሲገልጥ እርሷ ውኃ ትቀዳለች፥ እንጀራ ትጋግራለች፥ ዕቃ ታጥባለች፤ ደብተሯን በምትገልጥበት ሰዓት እንቅልፍ ይጥላታል። በፈተናው ቀን ግን ለሁለቱም የሚቀርበው ወረቀት አንድ ነው። ሥራን መልመድ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሥራው ለሁለት ቢከፈል፥ ወንዱ ልጅም ዕቃ ቢያጥብ ክብሩ አይጐድልም፤ እኅቱ ግን አንድ ሰዓት ታገኛለች። ይህ አንድ ሰዓት በየቀኑ ሲጠራቀም በዓመቱ መጨረሻ የአንዲት ልጅ ዕድል የሚወሰንበት ይሆናል። አባቶች ይህን በቤታቸው እንዲያስተካክሉ አደራ እንላለን።

ሁለተኛው ስለ መሣቅ ነው። ልጅ በእንግሊዝኛ አፉን ሲከፍት ቤተ ሰቡ፥ ጓደኛውም፥ የሣቀበት እንደ ሆነ፥ ያ ልጅ ሁለተኛ አፉን አይከፍትም። እኛ ያስተዋልነው እንደ ሆነ ብዙ ወጣቶች ሰዋስዉን በጽሑፍ ዐውቀው ሳለ በንግግር የሚሸነፉት በእውቀት ማነስ ሳይሆን ይሣቅብኛል በሚል ፍርሀት ነው። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይሉ የነበሩት አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። ስለዚህ ሲሳሳት አቋርጦ መጮኽ አይገባም፤ ተናግሮ እስኪጨርስ ጠብቆ፥ ከስሕተቱ አንዱን ወይም ሁለቱን መርጦ በለሆሳስ ማረም ይገባል። ሁሉን ባንድ ጊዜ ማረም ልብን ይሰብራል።

ዕድሜያቸው ለገፋ አንባቢዎቻችንም የምንለው አለን። በኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራ፥ በሱቅ የሚነግድ፥ መኪና የሚነዳ ሰው ጊዜው አለፈብኝ አይበል። እንደ እርሱ ያለው ሰው የሚያስፈልገው እንግሊዝኛ የሥራው እንግሊዝኛ ነው፤ የዕቃዎቹን ስም፥ የዋጋውን፥ የሰዓቱን፥ የደኅንነት ማስታወቂያውን ቃል ይጀምር። ልጁ ከትምህርት ቤት የተማረውን ለአባቱ ቢያስተምር፥ አባት ይጠቀማል፤ ልጁም የሚያስተምረውን ነገር አጥብቆ ይይዛል።

በመጨረሻ የምንለው ይህ ነው። ዛሬ በደሴና በኮምቦልቻ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ በ1999 ዓ. ም. ማስተማር የጀመረው የወሎ ዩኒቨርሲቲም በሁለቱ ከተሞች በሩን ከፍቶ ይገኛል። ወደዚያ በር የሚያደርሰው መንገድ ግን የሚጀምረው ከቤት ነው። የቆሎ ተማሪው በአኵፋዳው፥ ደረሳውም በሰሌዳው የቻሉትን፥ ደብተርና መዝገበ ቃላት በእጁ የያዘው የዛሬው ልጅ እንዴት ያቅተዋል? ወላጆች ሰዓቱን ይስጡት፤ ልጆች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያንብቡ፤ ጎረቤትም ከመሣቅ ይከልከል። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል።